የተበላ ሰው ደብተር

«ቁማር ደግሞ ይጠናል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይጠናል! እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ቁማርን የሚያጠናውን ያህል እኛ አገር ለዲግሪ አይጠናም። ጠዋት ተነስቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ደብተሩን ገልጦ፣ ትናንት ማታ የተበላበትን ጨዋታ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ደጋግሞ የሚሠራ፣ አስተማሪ የሚቀጥር፣ የልምምድ ሰዓቱን የማያዛንፍ ቁማርተኛ አለ። ጨዋታው ፖከር ይባላል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ተማሪ ስለተጻፈ አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ። የምወቅሰውም ነገር አለኝ። ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

ደራሲዋ ማሪያ ኮኒኮቫ ትባላለች። ሞስኮ ተወልዳ በአራት ዓመቷ ወደ አሜሪካ የሄደች፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ዶክትሬቷን የሠራች፣ «ኒው ዮርከር» ለተባለው መጽሔት ስትጽፍ የቆየች ሴት ናት። መጽሐፉ «ዘ ቢገስት ብለፍ» ይሰኛል፤ «ታላቁ ማስመሰል» ብንለው ያስኬዳል። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያ ዓመት ለቤተሰቧ ክፉ ዓመት ነበር። እናቷ ከሥራ ወጡ። ባሏ ሥራ አጣ። አያቷ ወድቀው ሞቱ። እሷ ራሷን ሐኪሞች በቅጡ ስም ሊሰጡት ያልቻሉት ሕመም ያዛት። እኛ ብንሆን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብለን ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንቀመጥ ነበር። ኮኒኮቫ ግን የጥናት ሰው ናትና ጥያቄ አነሳች፤ በኑሯችን ውስጥ የኛ ድርሻ የቱ ነው? የዕድልስ የቱ?

ለዚህ መልስ ፍለጋ መጻሕፍት ስታገላብጥ ጆን ቮን ኖይማን ዘንድ ደረሰች። ይህ ሃንጋሪ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ከኢኮኖሚስቱ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ጨዋታና ስለ ኢኮኖሚ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቷል፤ ፖከርም በመጽሐፉ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ለምን ፖከር? ቼዝ ላይ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ የተሸነፈ ሰው ከራሱ በቀር የሚያማርረው የለም። ሩሌት ላይ ደግሞ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ የተጫዋቹ ጭንቅላት አይወስነውም። ፖከር መሀል ላይ ነው። ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ ተደፍቷል። ከፊታችሁ ያለው ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ሊያታልላችሁ ይሞክራል። ኑሮም ይህን አይመስልም ትላላችሁ?

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው፣ ዛሬ በብዛት በሚጫወቱት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መሀል ጠረጴዛ ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። በየመሀሉ ገንዘብ ይያዛል። መቀጠል ያልፈለገ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ከቆዩት መካከል ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ ይበላል። ሌሎቹ ፈርተው ከወጡለት ግን ምንም ያልያዘውም ሰውዬ ይበላል። የመጽሐፉ ርዕስ የመጣው ከዚህ ነው።

ኮኒኮቫ ይህን ስትጀምር በአንድ እሽግ ውስጥ 52 ካርታ መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር። በዚህ ዕውቀቷ ሄዳ ያንኳኳችው የኤሪክ ሲደልን በር ነው። ሲደል ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ የኖረ የኒው ዮርክ ሰው ነው። በዓለም ሻምፒዮናው የሚሸለመውን የእጅ አምባር አሥር ጊዜ ወስዷል። በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ግን በሽንፈቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በፍጻሜው ጨዋታ በጆኒ ቻን ሲበላ የሚያሳየው ምስል «ራውንደርስ» በተባለው የ1998 ፊልም ውስጥ ስለገባ፣ ፊልሙን ያየ ሁሉ ያችን ቀን ያውቃታል። እንዲህ ያለ ሰው ነው አስተማሪዋ። ዕቅዷ ደግሞ ድፍረት የተሞላበት ነው፤ አንድ ዓመት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ሄዳ፣ የመግቢያ ዋጋው 10,000 ዶላር በሆነው ታላቁ ውድድር ላይ ልትቀመጥ።

እዚህ ላይ የድሮ ሙያዬ ጣልቃ ይግባ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቁማርተኛን ለተማሪዎቼ የማስተዋውቀው በሩስያውያን በኩል ነበር። ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1834 ባወጣው «የስፔድ ንግሥት» ውስጥ ሔርማን የሚባል መሐንዲስ መኮንን አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሌሎች ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ እሱ ካርታ አይነካም፤ ቆጣቢ ነው። አንዲት ባልቴት ሁልጊዜ የሚያስበላ የሦስት ካርታ ምስጢር እንዳላቸው ሲሰማ ግን እንቅልፍ ያጣል። ሽጉጥ ይዞ ሄዶ ባልቴቲቱን በድንጋጤ ይገድላቸዋል። መንፈሳቸው መጥቶ «ሦስት፣ ሰባት፣ አስ» ይለዋል። ሁለቱን ሌሊት ይበላል። በሦስተኛው አስ መዘዝኩ ሲል እጁ ላይ የተገኘችው ንግሥቲቱ ናት። ማረፊያው የእብዶች ሆስፒታል ሆነ። ዶስቶየቭስኪም እ.ኤ.አ. በ1866 «ቁማርተኛው»ን አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ አፍ እየተቀበለች በምትጽፍለት ሴት አማካይነት የጨረሰው፣ እሱ ራሱ በሩሌት ጦስ ጭምር ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ፣ አሳታሚው የሰጠው ቀነ ገደብ አንገቱ ላይ ቆሞ ነው። የሱም ጀግና ምልክት ፈላጊ ነው፤ ኳሷ አንድ ቀን እንደምትታዘዝለት ያምናል።

እንግዲህ እስከ ኮኒኮቫ ድረስ በሥነ ጽሑፍ የማውቀው ቁማርተኛ ምስጢር ፈላጊ ነው። ምስጢር ፈላጊ ማሰብ የሚያቆምበትን ቀን ነው የሚናፍቀው፤ ሦስቱን ካርታ ካገኘ በኋላ ጭንቅላቱን አይፈልገውም። እሷ ለዚህ ሰልፍ አዲስ ሰው ጨመረች፤ ተማሪ ቁማርተኛ። ምስጢር እንደሌለ የተነገረው፣ ግን ትምህርት እንዳለ የተነገረው ሰው። የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ይኼ ነው።

ታዲያ ምን ተማረች?

አንደኛው ትምህርት «ለምን?» የምትለዋ ቃል ናት። ተማሪዋ «ይህን ካርታ ይዤ ምን ላድርግ?» ብላ ስትመጣ መምህሩ የተዘጋጀ መልስ ከኪሱ አያወጣም። ለምን አስያዝሽ? ለምንስ ይህን ያህል? ከፊትሽ ያለው ሰውዬ ምን ይዟል ብለሽ ገመትሽ? ግምትሽን ከየት አመጣሽው? የኛን የትምህርት ልማድ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ዘንድ መምህሩ ኖት ያስጽፋል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተና ላይ መምህሩ የሰጠው ራሱ ይመለስለታል። ሲደል ኖት አያስጽፍም። እርግጠኛነትን ቀንሺ፣ ጥያቄ ጨምሪ ነው ነገሩ። ገንዘብ ከማስያዟም በፊት ታነባለች፣ ሌሎች ሲጫወቱ ታያለች። ኒው ዮርክ ውስጥ ፖከርን በኢንተርኔት በገንዘብ መጫወት ስለማይፈቀድ ባቡር ተሳፍራ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ኒው ጀርሲ ካፌ ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፍታ በትንንሽ ገንዘብ ትለማመዳለች።

ሁለተኛው ትምህርት ማላዘን ክልክል መሆኑ ነው። ቁማርተኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚሰማ አንድ ዘፈን አለ፤ «ምን ዓይነት ካርታ ይዤ ተበላሁ መሰለህ!» ሲደል ይህን መስማት አይፈልግም። እስቲ በሒሳብ እንየው። በዚህ ጨዋታ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች የሚበልጠው ሁለት አስ ነው፤ በአማካይ በ221 እደላ አንድ ጊዜ ይመጣል። ሁለት አስ የያዘና ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው ገንዘባቸውን ሁሉ አስይዘው ቢገናኙ፣ ባለ አሱ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ይበላል። 82 ማለት ግን 100 ማለት አይደለም። የቀሩት 18 አንድ ቀን የሆነ ሰው ቤት ማንኳኳታቸው አይቀርም። ባንተ ላይ በመጡ ቀን የተለየ ግፍ የተፈጸመ አስመስለህ ለጎረቤት ብታወራ፣ ያወራኸው ስለ ካርታው ሳይሆን ስለ ሆድ ብሶትህ ነው። ብሶት ደግሞ ጨዋታ አያሻሽልም።

ሦስተኛው እልህ ነው። ፖከር ተጫዋቾች «ቲልት» ይሉታል፤ ሰው ተበልቶ፣ ደሙ ፈልቶ፣ ያጣውን ባንድ ጊዜ ለማስመለስ ሲነሳ ማለት ነው። እኛ ዘንድ «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ተብሎ አልቋል። ኮኒኮቫ ለዚህም አስተማሪ አላት፤ ጃሬድ ቴንድለር የሚባል የተጫዋቾች የሥነ ልቦና አሠልጣኝ። እሱ «ተረጋጊ» ብሎ አያልፋትም፤ ምን ሲሆን እንደምትናደድ፣ ስትናደድ ምን እንደምታደርግ እንድትመረምር ያደርጋታል። ሲመረመር የወጣው ነገር የሚገርም ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ በብዛት የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ እንደ ልጅ ሲያናግሯት፣ «የኔ ቆንጆ» ሲሏት ትበግናለች። ከዚያ የባሰ ደግሞ ሌላ አለ። ማሸነፍ የምትችልበትን ካርታ እየጣለች የምትወጣው ሰው አስቸጋሪ ሴት እንዳይላት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችውን «ጨዋ ሁኚ» ካርታ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። እነዚህ ገጾች ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጦቹ ናቸው። ለእህቶቻችንም ስለ ፖከር ምንም ሳያውቁ የሚነበቡ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ልምምድ። ልምምድ ያሻሽላል የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። አንደርስ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳትሟል። በኋላ ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መጽሐፉ ነገሩን «አሥር ሺህ ሰዓት» አድርጎ ለዓለም ሸጠው። ኤሪክሰን ራሱ ግን አጥብቆ የሚናገረው ስለ ሰዓቱ ብዛት አልነበረም። ልምምዱ ዓላማ ያለው እንዲሆን፣ ስህተትን ቶሎ የሚያሳይና የሚያሳርም እንዲሆን ነው። ቫዮሊን ለዚህ ይመቻል፤ ጣት ከቦታው ከሳተ ጆሮ ወዲያው ይናገራል። ማሲንቆም ያው ነው።

ፖከር ግን ይዋሻል! ጥሩ የተጫወተውን ይቀጣል፣ መጥፎ የተጫወተውን ይሸልማል። ምሳሌ ላምጣ። መሀል ላይ 100 ብር አለ እንበል። አራት ካርታ ተገልጧል፣ አንድ ይቀራል። እናንተ ከያዛችሁትም ከተገለጠውም ተደምሮ አራት ልብ አላችሁ፤ አምስተኛ ልብ ከመጣ ታሸንፋላችሁ፣ ካልመጣ ከሰራችሁ። ከፊታችሁ ያለው ሰው 50 ብር አስያዘ። 50 ብር ከፍላችሁ ትቀጥላላችሁ ወይስ ትወጣላችሁ? ያላያችኋቸው 46 ካርታዎች ናቸው፤ ከነሱ 9ኙ ልብ ናቸው። ስለዚህ የማሸነፍ ዕድላችሁ ከመቶ 20 አይሞላም። ከዚህ በኋላ ሌላ ገንዘብ እንደማይጨመር አድርገን መቶ ጊዜ ብትሞክሩት፣ ቢበዛ 20 ጊዜ 150 ብር ታገኛላችሁ፤ 3,000 ብር። 80 ጊዜ ደግሞ 50 ብር ታጣላችሁ፤ 4,000 ብር። መቶ ጊዜ ደፋር ሆናችሁ 1,000 ብር ከሰራችሁ ማለት ነው።

ጥሩ። ግን ከሃያዎቹ አንዷ የመጀመሪያዋ ቀን ላይ ብትመጣስ? ልቧ ዱብ አለች፣ ገንዘቡ ወደናንተ ተጠረገ፣ ጓደኛ ትከሻችሁን መታ መታ አደረገ። ምን ተማራችሁ? ስህተትን። ሁለተኛ ቀን ትደግሙታላችሁ፣ ሦስተኛ ቀን ትደግሙታላችሁ፤ ስትከስሩ «ዕድሌ ዞረ» ትላላችሁ። በዚህ ዓይነት አሥር ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሰው አሥር ሺህ ሰዓት የቆየ ስህተት ባለቤት ይሆናል። በአማርኛችን «ይበላል» የሚለው ቃል ሲጻፍ አንድ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ የሚበላው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላበት ነው። ፖከርም እንደዚያው ነው። የአንድ ቀን ውጤት ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ማጥበቅና ማላላቱን ማወቅ ያለበት አንባቢው ነው።

ለዚህ ነው ደብተር የሚያስፈልገው። ጠንቃቃ ተማሪ ምን እንዳሰበ የሚጽፈው ውጤቱ ሐሳቡን ሳይበርዘው ነው። ይህን አየሁ፣ ይህን ገመትኩ፣ ስለዚህ ይህን አደረግሁ። በኋላ ጨዋታውን ለሚያውቅ ጓደኛ ሲያሳየው መጨረሻውን ይደብቃል፤ በላሁ ካለው ጓደኛው ያደንቀዋል፣ ተበላሁ ካለው ያዝንለታል፤ ሁለቱም አይጠቅሙትም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ማሽን ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱማስ ሳንድሆልምና ኖአም ብራውን ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው፣ ፒትስበርግ በሚገኝ ካዚኖ ውስጥ ከአራት ስመ ጥር ተጫዋቾች ጋር በተናጠል አጋጠሙት። 20 ቀን ፈጀ፤ 120,000 ጊዜ ካርታ ታደለ፤ ማሽኑ በለጠ። ማሽኑ መጽሐፍ አንብቦ አልተማረም። ከራሱ ጋር እየተጫወተ ነው የተማረው። የተማረበትን የሒሳብ ዘዴ ስም ወደኛ ቋንቋ ብንመልሰው ጸጸትን መቀነስ ማለት ነው። «ያንን ትቼ ይህን ባደርግ ኖሮ ምን ያህል ይሻለኝ ነበር?» ይላል፤ ልዩነቱን ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ልክ ወደተሻለው ያዘነብላል። በቃ። አይራገምም፣ አያለቅስም፣ እልህ አይዘውም። እኛ ሰዎች ጸጸት ሞልቶናል፤ የምናባክነው በመብሰልሰል ነው።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉን ሳሞግስ ቆየሁ። አሁን ወደ ወቀሳው።

ኮኒኮቫ እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ሄዳ ያለ ሽልማት ወጣች። ጥናቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ባሃማስ ውስጥ በተደረገ ከ200 በላይ ሰዎች የገቡበት ውድድር አንደኛ ወጥታ 84,600 ዶላር ወሰደች። አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ፖከር ኩባንያም አምባሳደሩ አደረጋት። የመጽሐፉ ትረካ የሚወጣው ዳገት የዚህ ድል ዳገት ነው፤ አንባቢ እፎይ የሚለው እዚያ ሲደርስ ነው። ግን ቆይ እስቲ! ሦስት መቶ ገጽ ያህል «በውጤት አትፍረድ» ስትለን የቆየች ደራሲ አይደለችም? የአንድ ውድድር ድል እኮ ያቺ ዱብ ያለችው ልብ ልትሆን ትችላለች። እሷም ዕድል እንደረዳት አልካደችም። የትረካው አደረጃጀት ግን ከአፏ ይልቅ ይናገራል፤ «አጠናች፣ ስለዚህ አሸነፈች» ይላል። እሷን ያህል አጥንታ፣ እሷን ያህል ደብተር ሞልታ፣ ባሃማስ ላይ በመጨረሻዋ ካርታ የወጣች ሌላ ሴት ብትኖር መጽሐፏን ማን ያሳትምላት ነበር? የሐሳቡ እውነተኛ ፈተና ያ ያልተጻፈው መጽሐፍ ነው። የተበላ ሰው ደብተር።

ሁለተኛው ወቀሳዬ «በራስ ጥረት» በሚባለው ነገር ላይ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ወጣት «እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ባጠና» ማለቱ አይቀርም። ልጅቷ ግን ቤቷ ብቻዋን አልተቀመጠችም። አንዱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች በእግር እየዞረ ያስተምራታል፤ ሰውነት አነባበብ የሚያስተምር ሌላ አለ፤ ንዴቷን የሚመረምር ሌላ አለ፤ ስትከስርም ቢያንስ መጽሐፍ ይተርፋታል። ዲሲፕሊን ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የመውደቂያ ፍራሽ የተነጠፈለት ሰው ዲሲፕሊንና የቤት ኪራዩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ዲሲፕሊን እኩል አይፈተኑም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ፖከር ገንዘብ አያመርትም። ያንዱን ኪስ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ በመሀል ደግሞ ቤቱ ድርሻውን ይቆርጣል። አሥር ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡና አሥሩም እኩል ጎበዝ፣ እኩል አጥኚ ቢሆኑ፣ ውሎ ሲያድር አሥሩም ይከስራሉ፤ የሚያተርፈው ቤቱ ብቻ ነው። ቫዮሊን እንዲህ አይደለም፤ አሥር ሰዎች ቢያጠኑ አሥር ቫዮሊን ይሰማል። በፖከር የኔ ጥናት ዋጋ የሚያገኘው አንተ ካላጠናህ ነው። ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2003 በጥቂት ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ውድድር ገብቶ የዓለሙን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በዚያ ዓመት ተወዳዳሪው 839 ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ 8,773 ሰው ገባ። «እሱ ከቻለ እኔስ» ያለው ሁሉ ነው የጎረፈው። አብዛኛው ባዶ እጁን ተመለሰ። አሸናፊው የሚበላው ገንዘብ የሚመጣው ከነዚህ ነው። በኮኒኮቫ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው በአመዛኙ የሚፈታ እንቆቅልሽ ነው፤ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለቤቱ ምን እንደሚል አይነገረንም። ዶስቶየቭስኪ ቢሆን ኖሮ ያንን ሰውዬ ተከትሎ እስከ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ላስ ቬጋስ ብቻ ስላልቀረ ነው። እኛ ሰፈር ፖከር የሚያጠና ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ የእግር ኳስ ውርርድ «የሚያጠና» ግን ሞልቷል። ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ፣ ጨዋና አስተዋይ ልጅ፣ ካፌ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቁማርተኛ አይደለሁም፤ አጥንቼ ነው የምቆርጠው» ብሎ ደብተሩን አሳየኝ። የሚያምር ደብተር ነው። የቡድኖቹ ያለፉት ጨዋታዎች፣ የተጎዱት ተጫዋቾች፣ በየቀለሙ ተጽፏል። ያሸነፈበት ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ ተሰምሮበታል። የከሰረበት ቀን አጠገብ ደግሞ «ዳኛው»፣ «በጭማሪ ሰዓት»፣ «ዕድል» የሚል አለ።

«ድምሩ የት አለ?» አልኩት።

ገጾቹን ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ። ድምር የለም።

ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፍኩለት። ሁለት ፍጹም እኩል ቡድኖች አሉ፤ አቻ የለም እንበል። አንተ በአንዱ 100 ብር አስያዝክ፣ ጓደኛህ በሌላው 100 ብር። ለአሸናፊው 200 ብር መመለስ ነበረበት። ቤቱ ለምሳሌ 185 ብር ቢከፍል 15 ብሯ እሱ ጋ ቀረች። የትኛውም ቡድን ቢያሸንፍ ቀረች። እንግዲህ አንተ ማሸነፍ ያለብህ ጓደኛህን ብቻ አይደለም፤ ያቺን 15 ብርም ነው፤ ያውም በየጨዋታው።

«ታዲያ ሰው እንዴት ይበላል?» አለኝ።

«የበላው ነው የሚያወራው» አልኩት።

ደብተሩን ዘጋና «ድምሩን ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ። እስካሁን አልመጣም።

የዚህ ልጅ ደብተር ጥናት ይመስላል እንጂ ጥናት አይደለም። ኮኒኮቫን ከነወቀሳዬ የምከላከላትም በዚህ ነው፤ እውነተኛው ጥናት ምን እንደሚመስል በትክክል አሳይታለች። ልዩነቱ በቀለሙ አይደለም፤ የተበላበት ቀን በተጻፈበት እጅ ነው። ሽንፈቱን በዳኛ ያሳበበ፣ ድሉን ለራሱ የመዘገበ ሰው ሔርማን ነው፤ ሦስቱን ካርታ በሌላ ስም እየፈለገ ነው።

ይህ ደብተር ደግሞ ከቁማር ቤት ውጪ የበለጠ ያስፈልገናል። ሽንኩርት ገዝቶ ዋጋ የወደቀበት ነጋዴ በእውነት ተሳስቷል ወይስ በያዘው መረጃ ልክ ነበር? ልጇን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ያዘዋወረች እናት ነገሩ ሳያምር ሲቀር ውሳኔዋ መጥፎ ነበር ማለት ነው? እኛ በየለቅሶ ቤቱና በየጠላ ቤቱ የ«ብዬ ነበር» ሊቃውንት አሉን። ነገር ካለፈ በኋላ «አላልኳችሁም?» የሚል አይጠፋም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሳኔያችንን ከነምክንያቱ አስቀድመን የምንጽፍ ብንሆን፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ዝም ይሉ ነበር፤ እኛም ከራሳችን እንማር ነበር። ይህን ለመማር ደግሞ ገንዘብ ማስያዝ አያስፈልግም።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ከተገኘ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በመግቢያው ላይ፣ ከምስጋናው በፊት፣ የአሥሩን ሰዎች ጠረጴዛ ሒሳብ ያስቀምጥልን፤ አሥሩም አጠኑ፣ አሥሩም ከሰሩ፣ ቤቱ አተረፈ። ከዚያ በኋላ አንባቢው የፈለገውን ምዕራፍ ያንብብ።